ጉም የሸጥኩበት ክረምት

ሰኔ 4

ዝናቡ ገባ። እንደ እንግዳ አንኳኩቶ ሳይሆን እንደ ባለቤት በሩን ገፍቶ ነው የገባው። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲደበደብ አደረ። ጠዋት ቦት ጫማዬን ላደርግ ስል ውስጡ እንቁራሪት ተቀምጣለች፤ "ቤቱ ተይዟል" በሚል ዓይን አየችኝ። ለምኜ አስወጣኋት።

አባባ አልጋው ላይ ሆኖ፣ "እሜቴ ዘንድሮ ትወፍራለች" አለ። እሜቴ የሚላት ፏፏቴዋን ነው። ወደ እሷ የሚያወጣውን መንገድ በጎረምሳነቱ በገጀራ የከፈተው እሱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች ይዞ የወጣውም እሱ። አምና አንሸራትቶት ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ አስጎብኚዋ እኔ ሆኛለሁ። ማታ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቀኛል፦ "እሜቴ እንዴት ዋለች?" እነግረዋለሁ። የቤታችን ዜና እሷ ናት።

ሰኔ 6

ሌሊት ከላይ በኩል የሆነ ነገር ተንጎዳጎደ። መብረቅ መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። ጠዋት ጉሙ ስለከበደ አልወጣሁም፤ ልብስ አጠብኩ። በዚህ ወር ልብስ ማጠብ ሞኝነት ነው፣ ካጠብኩት ይልቅ የሰቀልኩት ይርሳል።

አባባ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። ሾርባውንም አልጨረሰም። "ምነው?" ስለው፣ "ምንም፤ እያዳመጥኩ ነው" አለኝ። ዝናቡን ነው።

ሰኔ 7

ናዳ ነው! ከኮረብታው አናት አፈሩ ተንዶ የወንዙን መውጫ ዘግቶታል። ወንዙ ምን ቸገረው፣ ዞሮ በጀርባ በኩል ወደ ማዶ ሸለቆ ወርዷል። እሜቴ የለችም። ቋጥኙ እርጥብ ነው፣ እዚህም እዚያም ይንጠባጠባል፣ በቃ። ከእሷ ትይዩ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የጎብኚዎች መደገፊያ ጋ ቆሜ ከአሁን አሁን ትመጣለች ብዬ ጠበቅኳት። አውቶቡስ ያመለጠኝ ይመስል።

አልነገርኩትም። "እሜቴ እንዴት ዋለች?" ሲለኝ፣ "ኧረ አባባ፣ ወፍራለች!" አልኩት።

ወፍራለች! አፌን ምን ነካው?

ሰኔ 8

ለምን እንደዋሸሁ ለራሴ ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ ልጨክን።

ታላቅ ወንድሜ ከተማ ነው፣ ጎማ ቤት አለው። እንደ አባት ስለሚቆጣኝ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። "ይሄን ክረምት ልይላችሁ፤ ካልሆነ አባባን እኔ ጋ አመጣዋለሁ" ብሎኛል። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ፎቅ መስኮት ነው። አባባ አንድ ጊዜ፣ "እዚያ ከሚወስደኝ እዚሁ ይቅበረኝ" ብሏል። አልደገመውም። አባባ የምሩን ሲናገር አይደግምም።

ጎብኚ የሚልክልን ድርጅት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ፏፏቴ የለም ካልኩ አውቶቡሱ ይቀራል። አውቶቡሱ ከቀረ እኔ ሥራ ፍለጋ እወርዳለሁ፣ እኔ ከወረድኩ አባባን ከአልጋው የሚያነሳው የለም። ያኔ አራተኛ ፎቅ ነው።

እና ዋሸሁ። ነገ ቡድን ይመጣል። ምን ላሳያቸው ነው?

ሰኔ 9

ጉም ሸጥኩ።

ጉሙ መደገፊያው ፊት እንደ አንሶላ ተሰቅሏል፣ የራስን እጅ ዘርግቶ ጣት ማየት ይቸግራል። አባባ ያስተማረኝ አንድ ሕግ አለ፦ መደገፊያው ጋ ስትደርሺ ዝም በይ። ሰዎቹ ወሬያቸውን እስኪጨርሱ፣ አንቺንም እስኪረሱሽ ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም። ከዚያ እሜቴ ራሷ ታወራለች። ዛሬ ዝም ብል ግን ማን ሊያወራ ነው? ስለዚህ ለፈለፍኩ። "በግራ በኩል በሦስት ትወርዳለች፣ መሃል ላይ ትጋጠማለች፣ ከታች እንደ ጭስ ትበተናለች።" ይህ እኮ ውሸት አይደለም፣ የአምና እውነት ነው።

አንድ ጡረተኛ መምህር ጆሮውን አቅንቶ፣ "እሰማታለሁ!" አለ። የሰማው ዝናቡን ነው። አጠገቡ የቆመችው ሴት፣ "እኔም!" ባልዋም እንዳይቀርበት፣ "ኃይለኛ ናት!" ከዚያ ጉሙን ፎቶ አነሱት። ተራ በተራ እየቆሙም ከጉሙ ጋር ተነሱ።

ሹፌሩ ከታች እየጠበቀን ነበር። ቆሞም ፍሬን ስለሚረግጥ "ፍሬኑ" ነው የምንለው። ናዳውን ያውቃል፣ ከመንገዱ ላይ አይቶታል።

"ምን አሳየሻቸው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጉም።"

"አልጮሁብሽም?"

"አመሰገኑኝ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ጉም እየተሸጠ እኔ ነኝ መሪ ይዤ የቀረሁት።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ገና የመጀመሪያ ቀኑ ነው፣ ትከሻዬን ቆርጦኛል።

ሰኔ 11

የመስኮቱ ደፍ ላይ የአባባ ብርጭቆና ጠርሙስ አሉ። ክረምት ክረምት እሜቴ ስትሞላ መስኮቱ ይንቀጠቀጥና ብርጭቆዋ ከጠርሙሱ ጋር እየተጋጨች ትንጫጫለች። ልጅ ሆነን በእሷ ነበር የምንተኛው። ዛሬ አባባ፣ "ያቺን ብርጭቆ ራቅ አድርጊልኝ፤ እንቅልፍ ነሳችኝ" አለኝ።

እኔ ዘንድሮ ስትንጫጫ አልሰማኋትም። ምስኪን አባባ የአምናውን ድምፅ ነው የሚሰማው። ራቅ አደረግኳት፣ ለእኔም ተመቸኝ።

ሰኔ 20

ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ የሚባል ነገር አላየንም። ሻጋታው ቀበቶዬ ላይ ወጥቷል።

አባባ ሰሞኑን ጥያቄ አብዝቷል። በፊት "ደህና ዋለች" ብለው ይበቃው ነበር፣ አሁን ግን እንደ መርማሪ ሆኗል። ውሃዋ ምን ዓይነት ቀለም ነበራት? ነፋሱ ወዴት ወሰዳት? ዛሬ ደግሞ፣ "ቀስተ ደመናዋስ በየት በኩል ነበረች?"

"በግራ" አልኩት።

"በግራ?"

"በግራ አባባ! እንዲያውም ድርብ ናት።"

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ ውሃ ሰጠሁት። እሜቴን ሳወራለት እንዲህ ደስ የሚለው ከሆነ፣ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን።

ሐምሌ 2

የምሸጠው ጉም ብቻ እንዳይሆን መንገዱን ማርዘም ጀምሬያለሁ። በፊት ጎብኚዎቹን "ቶሎ በሉ፣ ፏፏቴዋ ናት ቁም ነገሩ" እያልኩ አስሮጣቸው ነበር። አሁን ምን ያስቸኩለኛል?

የተኛው ዛፍ ጋ አቆምኳቸው። በአንድ ወቅት አውሎ ነፋስ ጥሎት ጅረቱ ላይ ተጋደመ፣ ግን አልሞተም። ቅርንጫፎቹ ከተኛበት ቀጥ ብለው ወደ ላይ አድገው ራሳቸውን የቻሉ ዛፎች ሆነዋል። እኛ በግንዱ ላይ እንሻገራለን። ከአባባ ጋር ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ተኝተው ነው ሰው የሚያሻግሩት።

ከሥሩ ብርቱካንማ እንጉዳይ በቅሏል፣ እንደ ጆሮ የተጠቀለለ። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ ዓይኔ የት ነበር?

አልቅቱ ግን በዛ። አንዷ ወይዘሮ አልቅት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አግኝታ ስትጮህ ጉሙ ራሱ የሚሸሽ መሰለኝ። "አይዞሽ፣ አልቅት የሚመርጠው ጣፋጭ ደም ነው" አልኳት። ወዲያው ባልዋ የራሱን እግር ይፈትሽ ጀመር። አንድም አላገኘም፣ ቀኑን ሙሉ ሲከፋው ዋለ።

ሐምሌ 10

ስመለስ ፍሬኑ አባባ ጋ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ከውጭ ሳቃቸው ይሰማል። አባባ፣ "እስቲ ድገመው፣ ምን አለቻቸው?" ሲል ሰማሁ። ስገባ ሁለቱም ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመሩ።

ስለ አየር ጠባይ! ሌላ አየር ያለ ይመስል።

ሐምሌ 18

ጉድ ፈላ። ድርጅቱ ሴትዮ ሊልክ ነው። ፍሬኑ እንደነገረኝ፣ ከእኛ ዘንድ የሚመጣው ፎቶ ሁሉ ነጭ ሆኖባቸዋል። "አስጎብኚዋ ድንቅ ናት፣ ፏፏቴዋ ግን የት አለች?" ብለዋል። ሴትዮዋ አይታ ወይ በጉብኝታቸው ካርታ ላይ ታቆየናለች ወይም ትሰርዘናለች።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩ። ወጥ ቤት ገብቼ፣ በሹክሹክታ ነው ያወራሁት። ስለ ናዳው አላነሳሁም፣ ሴትዮ ትመጣለች ብቻ አልኩት።

"እንግዲያው እኔም ያን ቀን እመጣለሁ" አለ። "ከሰረዘቻችሁ አባባን ይዤው እወርዳለሁ። መኪናው ውስጥ ፍራሽ አነጥፍለታለሁ።"

"እሱ አይፈልግም እኮ።"

"አንቺስ? አንቺ እዚያ ኮረብታ ላይ ሸብተሽ ልትቀሪ ነው?"

ስልኩን ዘጋሁ። ወደ አባባ ስገባ ዓይኑን ጨፍኗል። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት፣ እጁ ግን እንደ ተኛ ሰው እጅ አልነበረም፣ ብርድ ልብሱን ጨብጦ ይዟል።

ሐምሌ 27

ራሴን ታዘብኩት። ስንቱን ሰው በጉም አታለልኩ? ጡረተኛው መምህር ለልጅ ልጆቹ ምን ይላቸው ይሆን? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። እኔ ሲሮጡ ብቻ ሳይሆን ሲንሸራተቱ ነው የታጠቅኩት።

ነገ ለአባባ እነግረዋለሁ።

ሐምሌ 28

አልነገርኩትም። "እሜቴ እንዴት ዋለች?" ሲለኝ ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አጉረመረመች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች አልኩት። እኔ ነኝ ያን ሁሉ የሆንኩት።

ነሐሴ 3

ሴትዮዋ ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ "ጌታዬ ጉሙን አንሳልን" ስል ኖሬ ዛሬ "አደራህን አታንሳው" ብዬ ጸለይኩ። እላይ ያለው ግራ ሳይጋባ አይቀርም።

ነሐሴ 5፣ ጠዋት

ሰማዩ ጠርቷል። እንደ ታጠበ ሳህን። ወየው ጉዴ!

ነሐሴ 5፣ ማታ

እንዳለ ልጻፈው።

ሴትዮዋ ረጅም ዣንጥላ ይዛ ከመኪና ወረደች። ቀጭን ናት፣ ቁጥብ ናት፣ ሰላምታዋም ቁጥብ ነው። ወንድም ጋሼም ደርሷል። መኪናው ውስጥ ፍራሽ አየሁ፣ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተገፈፈለትም። "እኔም ልውጣ፤ ከልጅነቴ ወዲህ አላየኋትም" አለና ተከተለን።

የተኛው ዛፍ ጋ ስንደርስ ጉሙ መጣልኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። መደገፊያው ጋ ስንደርስ እንደ ወትሮው አንሶላው ተሰቅሏል፣ እኔም አፌን ከፈትኩ። እንደዛሬ አውርቼ አላውቅም። "በግራ በኩል በሦስት ትወርዳለች። የመጀመሪያዋ ቀጭን ናት፣ ታፍራለች። ሁለተኛዋ ወፍራም ናት፣ ማንንም አትፈራም..." እጄን ዘርግቼ ነበር። በዘረጋሁት እጅ አቅጣጫ ጉሙ ተከፈተ።

መጋረጃ የሚገልጥ ሰው ያለ ይመስል ከላይ እስከ ታች ተገለጠ። ቋጥኝ። ራቁቱን የቆመ፣ ጥቁር፣ እርጥብ ቋጥኝ። ውሃ የለም። እጄ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

ማንም አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ። ምን ልል? በዚህ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ የአባባን ሕግ ጠበቅኩ፣ ያውም ሳልወድ።

ዝም ባልንበት ድምፅ ሰማን። ቀጭን፣ የብዙ አፍ ድምፅ። እሜቴ ትወርድበት ከነበረው ቦታ ጀርባ፣ ቋጥኙ ውስጥ፣ ሰፊ ዋሻ አለ። ውሃዋ ሸፍናው ስለነበር አይታይም ነበር። ከዚያ ዋሻ ትናንሽ ጥቁር ወፎች መውጣት ጀመሩ። ወጡ፣ ወጡ፣ አያልቁም። ገደሉን ዞረው በራሳችን ላይ ሲያልፉ ነፋሳቸው ፀጉሬን አነሳው። የዋሻው ግድግዳ ከሥር እስከ ጣራ ጎጆ ነው፣ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት የተለበጠ።

"ተከራዮቹ!" አለ ወንድም ጋሼ።

ዞር ብዬ አየሁት። ጎማ ቤት ያለው ትልቁ ሰው አፉን ከፍቷል። ልጅ ሳለን አባባ ሲያስተኛን፣ "ከእሜቴ ጀርባ ክፍል አለ፤ ተከራዮቿ እዚያ ይኖራሉ፤ ኪራይ የሚከፍሉት በዘፈን ነው" ይለን ነበር። ማስተኛ ተረት መስሎን። ወንድም ጋሼ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ፣ ከዚያ ተቆጣኝ። "አንቺ ልጅ! ውሃው የለም እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሰኔ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ለስንት ሰው ነው ጉም ያሳየሽው?"

"ለመጣው ሁሉ።"

"ፏፏቴውን ከካርታው እሰርዘዋለሁ። ሌላ ምርጫ የለኝም።"

"ይገባኛል" አልኩ። አባባ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የሰው መስኮት ሲያይ ታየኝና አለቀስኩ። ደግነቱ ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ፣ ፊታችን ሁሉ ረጠበ።

እንውረድ ስንላት ሴትዮዋ አልወርድም አለች። ዣንጥላዋን ዘርግታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "የወጡት ሲመለሱ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ዝናቡ አባርቶ፣ ቀኑ መምሸት ሲጀምር፣ ተመለሱ። ከየአቅጣጫው እየተወረወሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጎጆ ገቡ፣ አንድም ቤቱን የሳተ የለም። ስንወርድ ሴትዮዋ፣ "እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?" አለችኝ።

"አባታችን" አልኳት። "የነገረው ግን ለልጆቹ ብቻ ነው፤ እኛም አላመንነውም።"

ቤት ስንገባ አባባ ትራስ ተደግፎ ይጠብቃል። ወንድም ጋሼን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው፣ "እሜቴ እንዴት ዋለች?"

"የለችም አባባ" አልኩት። "ከናዳው ወዲህ የለችም። ዋሸሁህ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ብርጭቆዋ ዝም ያለች ሌሊት ነው የሄደችው።"

"ታዲያ ለምን 'እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ራቅ አድርጊልኝ' አልከኝ?"

"ዝም ማለቷን አይተሽ እንዳትነቂብኝ ነዋ! ማወቄን ካወቅሽ ማውራት ታቆሚያለሽ።" ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየ። "ያን ሌሊት አልቅሻለሁ። ለብቻዬ፣ አንቺ ሳትሰሚ። በሁለተኛው ቀን መጥተሽ 'ወፍራለች' አልሽኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወሬዋ እንዳይቀርብኝ እፈራ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻት፣ እንዳንቺ አሳምሬ ተናግሬላት አላውቅም።"

ፍሬኑም በየቀኑ መደገፊያው ጋ የምለፈልፈውን ከጎብኚዎቹ እየሰማ ሲያቀብለው ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእኔ ነው።

"አንተስ ምን ልትወስድ መጣህ?" አለው አባባ ወንድም ጋሼን።

"አንተን" አለ ወንድሜ፣ መሬት መሬት እያየ።

አባባ ለእሱ አልመለሰለትም። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ተከራዮቹ በዝተዋል?" አለ።

"ሰማዩን ሸፈኑት" አለ ወንድም ጋሼ፣ ከእኔ ቀድሞ። "አባባ፣ ብታያቸው! ጎጆው እኮ..." እና እሱ ማውራት ጀመረ። እጁን እየዘረጋ፣ ክንፍ እየሠራ። እኔ ዝም አልኩ።

ነሐሴ 6

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጠዋት ስነሳ ግን ጉም ነው።

ወንድም ጋሼ ሄደ። ለብቻው። ፍራሹን ከመኪናው አውርዶ፣ ላስቲኩን ገፎ፣ በአባባ አሮጌ ፍራሽ ቦታ አነጠፈው። አባባን አቅፎ ሲያነሳው፣ "ቀስ! ጎማ መሰልኩህ?" ሲለው ሰማሁ። በር ላይ፣ "ካልቻልሽ ትደውያለሽ" አለኝ። "እደውላለሁ" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን ነው።

ነሐሴ 14

ፍሬኑ መልእክት አመጣ። ፏፏቴዋ ተሰርዛለች። በምትኩ "የወፎች ዋሻ" የሚል ገብቷል፣ ለሙከራ፣ ለአንድ ክረምት ብቻ። ከሴትዮዋ ደግሞ አንድ ቃል፦ "ጉም ከሆነ ጉም ነው በያቸው።"

ነሐሴ 20

ዛሬ ቡድን ነበረ። ጉም ነበር፣ ጉም ነው አልኳቸው። መደገፊያው ጋ እስኪረሱኝ ዝም አልኩ። ወፎቹን አላየናቸውም፣ ሰማናቸው፤ በእውነት ሰማናቸው።

ስመለስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ብርጭቆዋን ወደ ጠርሙሱ መልሼ አስጠጋኋት፣ እንዲያው ደስ እንዲላት።

"እሜቴ እንዴት ዋለች?" አለኝ አባባ።

"ወፍራለች" አልኩት፣ ጫማዬን እያወለቅኩ።

"ቀስተ ደመናዋስ?"

"በግራ ነበረች፣ አባባ። ድርብ ናት።"

ዛሬም ፀሐይ ሳናይ ነው የዋልነው።